«ነባሪ» ሰዓት፦ ስለ ሰዓት ሰቅ፣ ስለ ሥፍራና ስለ ሰዓት አቆጣጠር ስያሜዎች የታሪክ ምልከታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ የኮምፒዩተር ሙያ ቃላትን በሚመለከት ከውጭ አገር ባልደረቦቻችን ጋር በርቀት ለመወያየት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ፤ ዋሽንግተን ላለችው ባልደረባችን ረፋድ፣ ኢየሩሳሌም ላለው ደግሞ ከቀትር በኋላ ስለሚውል ለሁሉም ይመቻል ብለን ነበር። ጥሪውን ያዘጋጀው ጸሐፊያችን የቀጠሮ መመዝገቢያውን ሶፍትዌር በአማርኛ ገጽ የሚጠቀም ነበርና፣ ማሽኑ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ሁለት ቃላት ሲያቀርብለት ሁለተኛውን መርጦ 11:00 ብሎ ሞላ። እኛም አይተን አጸደቅነው። በዕለቱ በ11 ሰዓት ተሰብስበን ብንጠብቅ ከውጭ የተሰማ ድምፅ የለም። ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ እኛ በተኛንበት፣ ሁለቱ ባልደረቦቻችን ባዶ መስኮት ከፍተው ሲጠብቁን ቆይተዋል። ማሽኑ የተረዳው ከምሽቱ 5 ሰዓትን ነበር።

በዚያ ጥሪ ላይ የተጻፈው ቃል ሁሉ አማርኛ ነው። ጸሐፊው የጻፈው ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ እንደሚለው ነው። የማሽኑም ሰዓት ሰቅ በትክክል የአዲስ አበባ ነበረ። ታዲያ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? ጥያቄውን ለኮምፒዩተር ባለሞያ ብቻ ትተን ልናልፈው አልፈለግንም፤ ምክንያቱም ነገሩ ሲመረመር ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ስያሜ ሥር ተደባልቀው ስለ ተገኙ ነው። እነዚህም ሰው ያለበት ሥፍራ፣ የሥፍራው ሰዓት ሰቅ፣ እና ሕዝቡ ሰዓቱን የሚቆጥርበት ልማድ ናቸው። ድብልቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን መመልከት ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭውን ዓለም ድርጊቶች ስናነሣ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።)

ስለ «ሰቅ»

በዛሬው የአማርኛ ሶፍትዌር «የሰዓት ሰቅ» የሚለው ስያሜ ሥር እየሰደደ ሄዷል። «የሰዓት ክልል» እና «የጊዜ ቀጠና» የሚሉም አልጠፉም። «ሰቅ» በጂኦግራፊ ትምህርት «ምድር ሰቅ» ሲባል ስንሰማው የኖርነው ቃል ነው፤ ምድርን በወገቧ ላይ የሚያዞራት መስመር ማለት ነው። የሰዓት ሰቅ ግን ምድርን በወገቧ አይዞራትም፤ ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ ቁልቁል የሚወርድ ነው። ስለዚህ ቃሉን የነቀፉ ሰዎች አሉ። ነቀፌታው ግን አማርኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚጠቀሙበት «ዞን»ም ከግሪክ የመጣ፣ ትርጉሙ መታጠቂያ የሆነ ቃል ነው። የጥንት ጂኦግራፊ ጸሐፊዎች ለምድር የሙቀትና የብርድ መታጠቂያዎች ያወጡትን ስም የኋላ ሰዎች ለቁልቁሉ መስመር ሰጡት። በነገራችን ላይ፣ የእኛው «ዝናር»፣ አዳኝና ዘማች ጥይት የሚሰካበት መታጠቂያ፣ ከዚያው የግሪክ ቃል በሶርያይስጥና በዐረብኛ በኩል የደረሰን ዘመድ ነው። «የሰዓት ዝናር» ይባል የሚል ሐሳብ ግን እኛ አናቀርብም።

ሰቁ ራሱ የተወለደው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ቀድሞ ሁሉም ከተማ ፀሐይ በራሱ አናት ላይ ስትደርስ ቀትር ይላል፤ በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ምኑም አልነበረም። ባቡር ግን መገናኛና መጠላለፊያ ስላለው አንድ ሰዓት ፈለገ። የብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎች በ1847 የግሪንዊችን ሰዓት መጠቀም ጀመሩ፤ ሕጉ ተከትሏቸው የመጣው በ1880 ነው። በሰሜን አሜሪካ ኩባንያዎቹ ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ሰዓታቸውን በሰቅ ከፋፈሉት። በተከታዩ ዓመት በኦክቶበር ወር የ25 አገሮች ልዑካን በዋሽንግተን ተሰብስበው፣ በ22 ድምፅ ድጋፍ፣ በሳን ዶሚንጎ ተቃውሞና በፈረንሳይና በብራዚል ድምፀ ተዐቅቦ፣ ግሪንዊችን የኬንትሮስ መነሻ አደረጉ። ብዙ ጊዜ «ዓለምን በሰዓት ሰቅ የከፋፈለ ጉባኤ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስሕተት ነው። ጉባኤው የወሰነው የመነሻ መስመርና አንድ ዓለም አቀፍ ቀን ብቻ ነው፤ የየአገሩ የራስ ሰዓት እንዳይነካ በውሳኔው ውስጥ በግልጽ አስገብቷል።

በዚያ ጉባኤ ላይ የኦቶማን መንግሥት ልዑክ የተናገረው ነገር የእኛን አንባቢ ልብ የሚነካ ነው። በአገሩ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መኖሩን፣ አንደኛው እንደ አውሮፓውያኑ ከቀትር ወይም ከእኩለ ሌሊት የሚነሣ፣ ሁለተኛው ከፀሐይ ግባት እስከ ፀሐይ ግባት የሚቆጠር መሆኑን አስረዳ፤ ሕዝቡም ሁለተኛውን የሚተው አለመሆኑን ገለጸ። ሰቅና አቆጣጠር ሁለት ነገር መሆናቸው እንግዲህ ከመጀመሪያው ዕለት ተነግሮ ነበር። የጉባኤው ቃለ ጉባኤ መዝግቦ አልፎታል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች ግን ያነበቡት አይመስልም።

ከስያሜ አንጻር ከሁሉ የሚያስገርመው የፈረንሳይ ነገር ነው። ፈረንሳይ በ1911 የግሪንዊችን ሰዓት በሕግ ተቀበለች፤ ሕጉ ግን ግሪንዊች የሚል ቃል የለበትም። የአገሪቱ ሕጋዊ ሰዓት የፓሪስ አማካይ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ወደ ኋላ ተቀንሶ ነው አለ እንጂ። የሒሳቡ ውጤት ግሪንዊች ነው፤ የቃሉ ውጤት ፓሪስ ነው። ሥፍራን መሰየም ምን ያህል ክብር የሚጠየቅበት ነገር እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

እዚህ ላይ «አማካይ» ያልነው በምክንያት ነው። በአንዳንድ የአማርኛ ሶፍትዌር ገጽ ላይ «የግሪንዊች ማዕከላዊ ሰዓት» የሚል ትርጉም ይታያል። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል «መካከል» ብሎ ተረድቶታል፤ ቃሉ ግን በሒሳብ ሊቃውንት አነጋገር አማካይ ማለት ነው። የፀሐይ ጉዞ በዓመቱ ውስጥ እኩል ስላልሆነ፣ በጥላ የሚለካው ሰዓት ከሜካኒክ ሰዓት በኖቬምበር መጀመሪያ እስከ 16 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፣ በፌብሩዋሪ ወደ 14 ደቂቃ ይዘገያል፤ የዚህ ሁሉ አማካይ ተወስዶ ነው ስሙ የወጣለት። «ማዕከላዊ» ሲባል በአሜሪካ ካለው የመካከለኛው ሰቅ ጋር ስለሚምታታ፣ ስሕተቱ የቃል ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሥፍራ ወደ ማሽን እንዴት ገባ

የመጀመሪያዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የት እንዳሉ አያውቁም ነበር። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝበት ባትሪ ያለው ሰዓት አልነበረውም፤ ሲከፈት ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው ብሎ ያስብና ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት ተጠቃሚውን ይጠይቃል። ተጠቃሚው ዝም ካለ 1980 ይጸናል። የሰዓት ሰቅ የሚባል ጥያቄ ፈጽሞ የለም። በዚያ ማሽን ላይ አንድ የአዲስ አበባ ጸሐፊ ጥዋት ሥራ ሲጀምር 2:00 ብሎ ቢሞላ፣ ማሽኑ ያለ ክርክር 2:00 ብሎ ይቀበለው ነበር። ቦታ የማያውቅ ማሽን አቆጣጠርንም አይነካም።

በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ የነበረው ዩኒክስ ግን ገና በሰባዎቹ ዓመታት ሥፍራ ነበረው። በስድስተኛው እትም (1975) ውስጥ ሰዓትን ወደ ቀን የሚለውጠው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ከግሪንዊች ያለውን ርቀት 5 ጊዜ 60 ጊዜ 60 ሴኮንድ ብሎ በራሱ ሆድ ውስጥ ጽፎታል። አምስት ሰዓት የአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰቅ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ቢሮ የነበረበት ኒው ጀርሲ። ማንም ይህን ሊጭንብን ብሎ ያደረገው አይደለም። ጻፉት፣ ለእነሱ ሠራ፣ አለፉት። የነባሪ ታሪክ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦ የአንድ ሰው መስኮት የዓለም መስኮት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያረመው ሥራ በሰማንያዎቹ ዓመታት በአርተር ዴቪድ ኦልሰን ተጀምሮ በፖል ኤገርትና በሌሎች ፈቃደኞች እጅ ያደገው የሰዓት ሰቅ መዝገብ ነው። መዝገቡ የየሥፍራውን ሰዓት፣ ለውጡንም ከነታሪኩ ይይዛል፤ ከ2011 ወዲህም የኢንተርኔት ቁጥሮችን በሚመድበው አካል ሥር ይገኛል። ለስያሜ ሠራተኛ ትልቁ ትምህርት በ1990ዎቹ የወጣው የስም ደንብ ነው። ሰቁ በቁጥር ወይም በአገር ስም አይጠራም፤ በአህጉርና በከተማ ስም ይጠራል፤ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» እንደሚባለው። ምክንያቱም አገር ስሙንና ድንበሩን ይለውጣል፤ ከተማ ይበልጥ ይጸናል የሚል ነው። ከተማም ቢሆን ግን ፊደሉን ይለውጣል። በመዝገቡ ውስጥ የአስመራ ስም በአንድ አናባቢ ልዩነት ተለውጦ፣ አሮጌው አጻጻፍ በመሸጋገሪያነት ቀርቷል፤ የኪየቭም ስም በ2022 ወደ ኪይቭ ተስተካክሏል። አሮጌው ስም አይሰረዝም፤ ወደ አዲሱ የሚመራ ምልክት ይደረግለታል። እኛ በመዝገበ ቃላት «ተመልከት» ብለን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በዊንዶውስ በኩል መንገዱ ሌላ ነበር። የ1995ቱ እትም ሰቅ የሚመረጥበት የዓለም ካርታ ነበረው። የድርጅቱ ሠራተኛ በ2004 እንደ ገለጸው፣ በዚያ ካርታ ላይ ከ800,000 የቀለም ነጥቦች ስምንቱ ብቻ ካሽሚርን ከሕንድ የተለየ አረንጓዴ ስላደረጓት ሶፍትዌሩ በሕንድ ታገደ፤ 200,000 ቅጂም ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ሥፍራን በካርታ ቀለም ማሳየት ቀረና በስም ዝርዝር ተተካ። ዝርዝሩ ደግሞ አጭር ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው የራሱን ከተማ ፈልጎ አያገኝም፤ በ+3:00 ሥር የሚያገኘው ናይሮቢን፣ ባግዳድን፣ ኩዌትና ሪያድን፣ ሞስኮን ነው።

ይህ ደግሞ ጉዳት ነበረው። ብዙ ሰው «ቁጥሩ ያው ሦስት ነው» ብሎ ከፊት ያገኘውን ይመርጣል። በ2000ዎቹ ዓመታት ሞስኮን የመረጠ የአዲስ አበባ ቢሮ ሰዓቱ በየፀደዩ አንድ ሰዓት እየዘለለ፣ በየመጸው እየተመለሰ ያስቸግረው ነበር፤ ሩሲያ የበጋ ሰዓት ትጠቀም ነበርና። በ2011 ሞስኮ በቋሚነት ወደ +4 ሄደች፣ በ2014 ወደ +3 ተመለሰች። ባግዳድም እስከ 2007 ድረስ በዓመት ሁለት ጊዜ ትለዋውጥ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ አንዱን አላደረገችም። ስለዚህ ለተጠቃሚ የሚሰጠው ምክር «ቁጥሩን አትመልከት፣ ሥፍራውን ምረጥ፤ ሥፍራህ ከሌለ ሕጉ ከአንተ ሕግ ጋር አብሮ የኖረውን ጎረቤት ምረጥ» የሚል ነው። ይህም ናይሮቢ ነው። ሰቅ ቁጥር አይደለም፤ ቁጥርና የለውጥ ታሪክ አንድ ላይ ነው። ማንኛውም የአማርኛ ፍቺ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ካልያዘ ጎዶሎ ነው እንላለን።

የአዲስ አበባ መስመር

በመዝገቡ ውስጥ ስለ አዲስ አበባ የተጻፈው ጥቂት መስመር የታሪክ ምሁርን ዓይን የሚስብ ነው። ከተማዋ ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ቀድማ፣ ከ1870 ጀምሮ በአማካይ ሰዓት ትተዳደር እንደ ነበረ፣ ከሜይ 5 ቀን 1936 ጀምሮ ወደ ሙሉ ሦስት ሰዓት እንደ ተሻገረች ይናገራል። አዲስ አበባ ግን በ1870 አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው በ1886 ነው። ቁጥሩ የመጣው ከአንድ የኮከብ ቆጠራ ማመሳከሪያ አትላስ ሲሆን፣ መዝገቡን የያዙት ሰዎች ራሳቸው መረጃው ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር በማስታወሻቸው ጽፈዋል። 2:35:20 በኬንትሮስ ሲመነዘር 38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ነው፤ ለአዲስ አበባ የቀረበ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ወራሪ ጦር በገባበት ቀን ከሰዓት በፊት ወይም በኋላ የከተማውን ሰዓት 25 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ገፋ ብሎ ማመን ያዳግታል። ቀኑ አንድ የአትላስ አዘጋጅ «አስተዳደር ተለወጠ፣ ስለዚህ ሰዓትም ተለወጠ» ብሎ የገመተው ይመስለናል። ይሁን እንጂ ይህ ግምት በዓለም ላይ ባሉ ብዙ ማሽኖች ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የአንድ አገር ሰዓት ታሪክ ሰነድ ሳይታይ በነባሪነት ተጻፈ።

በያዝነው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ ዐሥርት መዝገቡ ሌላ ለውጥ አደረገ። ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው ያልተለያየ ከተሞች ወደ አንድ እንዲመሩ ሲወሰን፣ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ወደ «አፍሪካ/ናይሮቢ» የሚመራ ስም ብቻ ሆነ፤ የቀድሞው መስመር ወደ ኋላ መዝገብ ተዛወረ። ለዛሬ ሥራ ምንም ጉዳት የለውም። ለታሪክ ግን አለው። ናይሮቢ እስከ 1942 ድረስ በተለያዩ ቁጥሮች ስትመላለስ ቆይታ ነው +3 ላይ የጸናችው፤ ስለዚህ የ1938ን የአዲስ አበባ ሰዓት የሚጠይቅ ፕሮግራም ዛሬ በናይሮቢ መሠረት +2:45 ብሎ ይመልሳል። የቀድሞው ግምት ስሕተት ይሁን ትክክል፣ ቢያንስ ስለ አዲስ አበባ የተባለ ነበር። የተተካው ግን ስለ ሌላ ከተማ የተባለ እውነት ነው።

ሆኖም ያው መዝገብ ስለ እኛ ሌላ ነገር ይዟል፤ አመስግነን እንጠቅሰዋለን። ከኢትዮጵያ መስመሮች በላይ በተጻፈ ማስታወሻ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደ ኬንያና ታንዛንያ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን ከንጋት ጀምረው እንደሚቆጥሩ፣ ሰዓት በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው ይህን እንዲያስታውስ ያሳስባል። ማስታወሻው ለሰው ነው፤ ማሽን አያነበውም።

አቆጣጠር ሰቅ አይደለም

ወደ ስብሰባችን እንመለስ። አማርኛ ቀኑን ከንጋት ይጀምራል። ኢትዮጵያ ለምድር ሰቅ ቅርብ ስለ ሆነች፣ በአዲስ አበባ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ንጋትን መነሻ ማድረግ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ ነው። ልማዱ በግዕዙም ጥንታዊ ነው፤ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት የጸሎት ሰዓታት ናቸው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በሐዋርያት ዘመን የነበረውን «ሦስተኛ ሰዓት» ያለ ሐተታ እንደ ነበረ አስገብተውታል፤ አንባቢውም በትክክል ተረድቶታል። የዘመኑ እንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን «ከጥዋቱ ዘጠኝ» ብለው መለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሶፍትዌሩ ምን አደረገ? የዩኒኮድ ማኅበር በሚያዘጋጀው የአገሮች ልማድ መረጃ ክምችት ውስጥ፣ የእንግሊዝኛዎቹ ሁለት የቀን ክፍል ምልክቶች በአማርኛ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ሆነው ተተረጎሙ። ቃላቱ ተተረጎሙ፤ ቁጥሮቹ ግን ባሉበት ቀሩ። ስለዚህ ማሽኑ ፀሐይ ስትወጣ «7:00 ጥዋት»፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ «1:00 ከሰዓት» ይላል። አንድም አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ሲል ሰምተን አናውቅም። ፀሐይ ከወጣች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ነው። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ወደ ራሱ አቆጣጠር ይመልሰው ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ሒሳብ ከልጅነቱ ያውቃል። «ጥዋት» የሚለው ቃል ግን ከጎኑ ሲቆም፣ አንባቢው ጥበቃውን ይጥላል። ትርጉም በመጨመሩ ግልጽነት ቀነሰ። ለተርጓሚ ከዚህ የሚከብድ ወቀሳ የለም።

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔውን በሰቅ ውስጥ ሲፈልጉ አይተናል። ሰቁን ቦነስ አይረስ ላይ ያደርጉታል። ቦነስ አይረስ -3:00 ናት፤ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። ውጤቱ በእርግጥ ያስደንቃል፦ ንጋት ላይ አዲስ ቀን ይጀምራል፣ የጥዋቱ አንድ ሰዓት 1:00 ሆኖ ይታያል፤ ቀን ሙሉ የመጀመሪያው ምልክት፣ ማታና ሌሊት ሁለተኛው ምልክት ይቆማል። የአማርኛ ቀን በሙሉ በአርጀንቲና ዋና ከተማ ሥር ተመዝግቦ ይገኛል! ነገር ግን ከዚህ ማሽን የሚወጣ ቀጠሮ ሁሉ «ከአርጀንቲና» የሚል ማኅተም ይዞ ይሄዳል፤ ሌሊት የተጻፈ ደብዳቤ ቀኑ ወደ ትናንት ይወርዳል። ሰቁን ሳይነኩ ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ። ይኸኛው የባሰ ነው፤ ማሽኑ ስለ ዓለም ሰዓት ራሱ ሐሰት እንዲያምን ያደርገዋል፣ የጊዜ ገደብ ያላቸውን የኢንተርኔት ምስክር ወረቀቶችም አላምንም እያለ ይመልሳል። ሰዎቹን አንወቅስም። ትክክለኛው መቆጣጠሪያ ስላልተሠራላቸው በሌላው ተጠቀሙ።

ስለዚህ በስያሜ ደረጃ «የሰዓት ሰቅ» እና «የሰዓት አቆጣጠር» በሁለት መግቢያ ቃል ተለይተው መቆም አለባቸው። ሁለተኛውን «የኢትዮጵያ» እና «የፈረንጅ» ብሎ መክፈል በንግግር የተለመደ ነው፤ ለሙያ ቃል ግን አይበቃም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ስለሚቆጥር። «የንጋት አቆጣጠር» እና «የእኩለ ሌሊት አቆጣጠር» ብንል መነሻው በስሙ ውስጥ ይታያል።

ስለ «ነባሪ» እና ስለ «አካባቢ»

«ነባሪ» ለሶፍትዌር ትርጉም የተመረጠው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው፤ አሁን በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ላይ ይገኛል። «ነበረ» በግዕዝ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው፤ «ነባር» ደግሞ ጥንት የነበረ። ቃሉ አጭርና ለመርባት ምቹ ነው። ጉድለቱ ግን ከታሪክ ጋር ሲገናዘብ ይታያል። የእንግሊዝኛው ቃል ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ጉድለት፣ አለመገኘት ማለት ነው፤ ወደ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት የችሎት ቃል ነበር። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ (1958 ዓ.ም.) ለዚሁ ነገር «በሌለበት» የሚል አነጋገር አለው፤ ተከራካሪው ሳይቀርብ ሲቀር በሌለበት ይወሰንበታል። ባለጉዳዩ ሳይናገር ሌላው ወሰነለት ማለት ነው። «ነባሪ» ይህን ይሸፍናል፤ ቅንብሩ ከጥንት የነበረ፣ ማንም ያላደረገው ያስመስላል። ኒው ጀርሲም፣ የ1980 ጃንዋሪም፣ የ1870 አዲስ አበባም «ነባር» አልነበሩም። ሰው የወሰናቸው ናቸው።

ቃሉን ለመንቀል ጊዜው አልፏል፤ መንቀልም አንሻም። በመዝገበ ቃላት ፍቺው ግን «ተጠቃሚው ሳይመርጥ ሲቀር፣ ሠሪው አስቀድሞ የወሰነው የሚጸናበት» ተብሎ ይጻፍ ዘንድ እናሳስባለን። ሠሪው በፍቺው ውስጥ መጠቀስ አለበት።

«አካባቢ» የበለጠ ያስቸግራል። በአንዳንድ ትርጉም ሰውየው የቆመበት ቦታም፣ የቋንቋና የአጻጻፍ ልማድ ስብስብም በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። በመረጃ ክምችቱ ውስጥ አማርኛን የመረጠ ሰው፣ ሌላ ካልተናገረ በቀር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ይገመታል። ግምቱ ምክንያታዊ ነው፤ አብዛኛው ተናጋሪ ያለው በዚያ ነው። ዋሽንግተን ያለችው ባልደረባችን ግን አማርኛ ገጽ፣ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰቅ፣ ለበዓላት የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ፣ ለሥራ የእኩለ ሌሊት አቆጣጠር ትፈልጋለች፤ ከእኛ ጋር ያላት ልዩነትም በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። ኢየሩሳሌም ያለው ደግሞ ሌላ ጥምረት አለው። አራት ጥያቄ በአንድ «አካባቢ» ሲመለስ፣ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። የሚገርመው፣ ለኢትዮጵያ ራሷ እንኳ ክምችቱ ቀዳሚ ያደረገው የጎርጎርዮስን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ የኢትዮጵያው በሁለተኛ ተራ ተቀምጧል። ለመንግሥት ቢሮ ይህ ነባሪ ትክክል አይደለም፤ ለአየር መንገድ ቢሮ ትክክል ነው።

እኛ ለቆመበት ቦታ «ሥፍራ»፣ ለልማዱ ስብስብ «ልማደ ሀገር» የሚል ስያሜ ለኮሚቴው አቅርበናል። «ሥፍራ» ያለ ክርክር አለፈ። «ልማደ ሀገር» ግን አከራከረ፦ ግማሾቹ የግዕዝ ዘርፍ አያያዝ ለወጣት ተጠቃሚ ይከብዳል አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «ሀገር» ብሎ ማሰር ያንኑ ዋሽንግተን ያለችውን አንባቢ መልሶ ይጎዳታል አሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ እኛንም አሳስቦናል፤ «ልማደ ልሳን» የሚል አማራጭ ቀርቦ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። የዚያ ስብሰባ ጥሪ እንዲህ ተጽፎ ወጥቷል፦ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ 17:00።